ያላነበብክልኝ መስመር

ውድ ሙሴ፣

ስልኩን እንደዚያ ከዘጋሁብህ በኋላ ደጋግመህ ደውለህ አላነሳሁም። ስለተቆጣሁ ብቻ አይደለም። በስልክ ስታስረዳኝ ድምፅህ ያሳዝነኛል፤ ካሳዘንከኝ ደግሞ ልነግርህ ያሰብኩትን እተወዋለሁ። በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። የሐዋሳው ሥራ ተስማማህ? ልጅህስ አደገች? እኛ ደህና ነን። ማሠልጠኛው አልተዘጋም። ይህን አስቀድሜ የነገርኩህ ተረጋግተህ እንድታነብ ነው።

የሆነውን ሁሉ በስልክ አልነገርኩህም፤ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ገላን ባሉት ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሴቶችን የሚያነጋግር አንድ የጥናት ድርጅት አለ። የተቀዳውን ድምፅ አዳምጦ በጽሑፍ የሚያወጣለት ይፈልግ ነበር። ማሠልጠኛውን ስንከፍት ጀምሮ አንተና እኔ ስንመኘው የነበረ ዓይነት ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ በጆሮው ሲሠራ የሚውል፣ ኪቦርዱን ሳያይ የሚጽፍ ሰው ከዓይነ ስውራን ማሠልጠኛ ካልተገኘ ከየት ይገኛል? የሙከራ ቅጂ ላኩልን፣ ከልጆቹ ድንቅቱ ጻፈችው፣ ወደዱት። የቀረው ቦታውን መጥቶ ማየት ብቻ ነበር። ሴቶቹ ስለ አለቆቻቸው የተናገሩት ምስጢር ስለሆነ በየትኛው ኮምፒውተር ላይ እንደሚቀመጥ ማወቅ ይፈልጋሉ። የምንጠቀምባቸው ሶፍትዌሮች ሕጋዊ ናቸው በሚለው ላይ ፈርሜ ልኬላቸዋለሁ። ለምን አልፈርምም? «ዊንዶውስ ገዝተናል» ብለኸኛል።

ከድርጅቱ የመጣችው ሜሪ የምትባል ሴት ናት። ትሁት ናት፤ ገብታ ሁሉንም በየስሙ ሰላም አለች። ከዚያ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ስትሄድ እርምጃዋን እሰማለሁ። እያንዳንዱ ጋ ትንሽ ትቆማለች፣ ትሄዳለች። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ተመልሳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ላሊሴ፣ ስክሪኖቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ታውቂዋለሽ?»

«የቱን?»

«ከታች፣ በቀኝ በኩል ያለውን። ዊንዶውሱን አክቲቬት አድርጉ ይላል፤ ፈቃዱ አልተከፈለበትም ማለት ነው። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ላይ አለ።»

ድምፅዋን ዝቅ ብታደርግም ልጆቹ መጻፋቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር። ስለዚህ ጽሑፍ ሁላችንም የሰማነው ያን ጊዜ ነው። የስክሪን አንባቢ ፕሮግራማችን ፋይሉን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ደብዳቤውን ያነባል፣ ሰዓቱን እንኳ ስንጠይቀው ይነግረናል። ያቺን ጥግ ላይ ያለች ፈዛዛ ጽሑፍ ግን ያልፋታል። ዓይን ላለው ብቻ የተጻፈች ናት። ስንት ዓይን ያለው ሰው ገብቶ ወጥቷል መሰለህ! አከራያችን ኦቦ ባጫ ኪራይ ሊቀበሉ ሲመጡ አይተዋታል፤ እሳቸው እንኳ ምን እንደምትል አያውቁም፣ እንግሊዝኛ ናት። የተማሪዎቹ ወንድሞችና እህቶች አይተዋታል። አንተ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ስክሪኖቹን በጨርቅ ትወለውል ነበር። ጨርቁን በላይዋ ላይ ስታሳልፍ ምን ታስብ ነበር? እሱን እስካሁን ማወቅ አልቻልኩም።

ሜሪ አልተቆጣችም። የፈረምኩት ካየችው ጋር ስለማይገጥም ውሉን ማጽደቅ እንደማትችል ነገረችኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካስተካከልን ተመልሳ እንደምታይ ቃል ገብታ ሄደች። በሩ ሲዘጋ ድንቅቱ፣ «ለካ ግድግዳችን ላይ ሌባ ተብሎ ተጽፎ ነው ስንሠራ የምንውለው» አለች። የሳቀላት የለም።

ወዲያው ደወልኩልህ። ያልከኝን አልረሳሁም።

«ጽሑፉ እኮ ሥራ አልከለከለም፣ ላሊ። አንዱን ገዝተናል። ሰበታ ውስጥ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚገዛ ማን አለ? አንቺን ላለማስጨነቅ ብዬ ነው።»

«የደበቅክብኝ በማላየው ነገር ነው» አልኩህና ዘጋሁት።

አሁን ሲበርድልኝ የአንተንም ወገን አስቤዋለሁ። የመክፈቻው ቀን ደርሶ ነበር። ደስታነሽ ማሳጅ ቤት የነበራትን ሥራ ለቃ ልትሠለጥን መጥታለች። ከሱሉልታ የመጡት ልጆች ዘመድ ቤት አርፈው ይጠብቁናል። ከአዲስ አበባ የገዛናቸው ያገለገሉ ላፕቶፖች ዊንዶውስ ያልተጫነባቸው ባዶ ናቸው፤ በእጅህ ያለው ደግሞ የገዛነው አንድ የዊንዶውስ ፈቃድ ቁልፍ ብቻ። የመጀመሪያው ላይ ተቀበለህ፣ ሌሎቹ ላይ እምቢ አለህ፤ ያለ ፈቃድ እንዲሁ ጭነህ ተውካቸው። ያን ጊዜ ብትነግረኝ በአንዱ እንጀምርና በተራ እንማር እል ነበር። እንደዚያ እንደምል ስለምታውቅ ይሆናል የተውከው። ሰው ተስፋ አድርጎ ሲመጣ መመለስ ለአንተ ይከብድሃል፤ ይህንን ጠባይህን ስወደው ነው የኖርኩት።

ቡራዩ ላይ ኮምፒውተር ቤት ያላትን ሉሲን አስመጣኋት። ሥራ ሳትጀምር አንድ ነገር ለመንኳት፤ ስክሪን ላይ የሚወጣውን በሙሉ ጮክ ብላ እንድታነብልኝ፣ ለእሷ ምንም የማይረባ ቢመስላት እንኳ። መጀመሪያ ሳቀች። በኋላ ግን አንዲት ቃል አላለፈችም፤ «እባክዎ ይጠብቁ» የሚለውን ስንቴ እንዳነበበችልን አልነግርህም።

ደንቡን ያስረዳችኝ እሷ ናት። አንድ ላይሰንስ፣ ማለትም ፈቃድ፣ ለአንድ ኮምፒውተር ነው። ከሱቅ ለብቻው የተገዛ ከሆነ ከአንዱ አጥፍተህ ወደ ሌላው ማዛወር ትችላለህ፤ ሁለቱ ላይ አብሮ መኖር ግን አይችልም። ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣ ከሆነ ከዚያው ጋር ኖሮ ከዚያው ጋር ይሞታል። እንደኛ ብዙ ኮምፒውተር ላለው ደግሞ ሌላ ዓይነት ውል አለ፤ እሱም ለብቻው ይገዛል። ነገሩ ይኸው ነው። ለድንቅቱ ስነግራት፣ «እንደ መታወቂያ ነዋ፣ የእህቴን ይዤ ባንክ አልገባም» አለችኝ።

ከዚያ ሉሲ አንተ የጫንከው የትኛውን ዓይነት ዊንዶውስ እንደሆነ አየች። የገዛነው ፕሮፌሽናል የሚባለውን ነበርና ሁሉም ላይ እሱኑ ጭነሃል። አንዱን ላፕቶፕ ፎርማት አድርጋ፣ ያለበትን ሁሉ አጥፍታ፣ ለቤት የሚሆነውን ተራውን ጫነችበት፤ ምንም ቁልፍ አላስገባችም። ኢንተርኔት ከፈተችለት። ማንበብ አቆመች ብዬ ደነገጥኩ።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«አክቲቬት ሆኗል ይላል። ይሄኛው የራሱ አለው።»

ከፋብሪካ ሲወጣ የተራው ዊንዶውስ ፈቃድ ውስጡ ተቀምጦለት ኖሯል፣ ሙሴ። ያገለገለ ስለሆነና ባዶውን ስለገዛነው የሌለው መሰለህ። ሁሉም አይደሉም፤ አሮጌዎቹ የላቸውም። ግማሾቹ ግን የራሳቸውን ፈቃድ በሆዳቸው ይዘው የሌላ ኮምፒውተር ቁልፍ ተለጥፎባቸው ነው የከረሙት። ደስታነሽ እግዚአብሔርን አመሰገነች። እኔ ግን ያን ቀን የባሰ ተናደድኩ። ለእኔ ብለህ የተሸከምከው ነገር ጭራሽ መሸከም የማያስፈልገው ነበር። ብትነግረኝ ሰው እንጠይቅ ነበር፤ ብንጠይቅ ደግሞ የሚያውቅ አይጠፋም ነበር።

አሮጌዎቹ ላይ ሉሲ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ጫነችልን። እሱ በነፃ ነው፣ የፈለግነውን ያህል ኮምፒውተር ላይ መጫን ይፈቀዳል። ልጆቹ ፈሩት። ማንም እዚያ መቀመጥ ስላልፈለገ ድንቅቱ ቀድማ አንዱን ወሰደች። የሚያነብልን ድምፅ ያው የለመድነው ነው፤ የተለወጡት የትእዛዝ ቁልፎቹ ናቸው። የመጀመሪያ ሰሞን በአማርኛም በኦሮምኛም ስትራገም ትውል ነበር። አሁን ሌሎቹን የምታስተምረው እሷ ናት፤ ወደ ዊንዶውስ ተመለሽ ብላት እምቢ ትለኛለች።

ሜሪ እንዳለችው መጣች፤ እንደገና እየዞረች አየች። ንጹህ ነው አለች። ዋናውን ሥራ ግን አላገኘነውም። ጥናቱ መጠበቅ ስለማይችል ኮዬ ፈጬ ላለ ሌላ ቢሮ ሰጥተውታል። በዚህ አለቀስኩ፤ አልደብቅህም። የሰጡን ከእሱ የቀረውን፣ በድምፅ ጥራቱ አስቸጋሪ የሆነውን ክፍል ነው። እሱን እየሠራን ነው። ትናንት አንዷ ሠራተኛ በአማርኛ ጀምራ ወደ ወላይትኛ ገባች፤ ደስታነሽ ጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ፣ «የእኔ አገር ልጅ ናት» ብላ ለሁላችንም ነገረችንና መልሳ አድርጋ መጻፍ ቀጠለች።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን ለእኔ የምታነብልኝ አንተ ነበርክ። መጽሐፉን ብቻ አይደለም። አባቴ ሱሉልታ ታመው ሳሉ ወንድሜ የላከውን ወረቀት ያነበብክልኝ አንተ ነህ፤ «ደህና ናቸው፣ ፈተናሽን ጨርሺ» ይላል አልከኝ፣ ጨረስኩ፣ ስደርስ ተቀብረዋል። ያኔ ወንድሜ ነው ያልነገረኝ ብዬ ስንት ዘመን ተቀየምኩት። ሜሪ ከመጣች ወዲህ ግን ያቺ ወረቀት ትመጣብኛለች። እንዳልጨነቅ ብለህ የዘለልከው መስመር ነበር?

ካለ ንገረኝ። እቆጣለሁ፣ ግን ሄጄ ወንድሜን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ከሌለም የለም ብለህ ጻፍልኝ፤ አምንሃለሁ። አለማመን ምን ያህል እንደሚያደክም ሰሞኑን አይቼዋለሁና።

መልስህን በኮምፒውተር ጽፈህ ላከው። በእጅህ ጽፈህ ፎቶ አታንሳው። እኔው ራሴ፣ ማንም ሳይገባበት፣ እስከ መጨረሻው ማንበብ እፈልጋለሁ።

ላሊሴ ጋሮማ
ሰበታ