እንፋሎት የሌለው ሻይ

አምቦ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው፣ ሆድሽ ከአንቺ ቀድሞ በር ለሚገባው የልጅ ልጄ ለሮሆቦት፤

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ፤ ተቀምጠሽም ከሆነ ትራስ ደገፍ በይ። በቤታችን ታላቅ ነገር ደርሷል። የግቢያችን አውራ ዶሮ፣ በገዛ ፈቃዱና ያለ ማንም አስገዳጅነት፣ እኛን ጥሎ ወደ ጎረቤታችን ወደ ኦቦ ሌንጂሳ ግቢ መዛወሩን በጥልቅ ኀዘን እገልጻለሁ። ሽማግሌ ተልኮ ነበር፤ ሽማግሌውም እኔው ነኝ። ዶሮው አጥሩ ላይ ቆሞ አየኝና ጀርባውን ሰጠኝ። ኦቦ ሌንጂሳ ደግሞ "ወሰኑ፣ እኔ ጋ በቆሎ አለ፤ አንተ ጋ ያለው ምክር ብቻ ነው" አለኝ። ጉዳዩ በይግባኝ ላይ ነው።

ዋናው ዜና ይህ ነው። አሁን ወደ ትናንሾቹ ልለፍ።

እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ወትሮው ከእኔ ጋር ተኳርፏል። አንቺስ? የድሬዳዋ ሙቀት ከነሆድሽ እንዴት አድርጎሻል? እግርሽ አብጦ ከሆነ ናትናኤል ማታ ማታ ለብ ባለ ውኃ ይጠብልሽ። እምቢ ካለ ንገሪኝ፤ ባልሽ ነው ብዬ አልተወውም።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ በምክንያት ነው። ገና "እናትሽ" ከማለቴ "አባባ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል" ትይኛለሽ። ኦቦ ሌንጂሳን ሳማ ግን ያው ኔትወርክ ጥርት ይላል። ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግም፤ ስለዚህ ዝም ብለሽ ስሚኝ።

ሊቆጣኝ ነው ብለሽ አትስጊ። በመስቀል መጥተሽ የሆነውን በሩ ጋ ቆሜ አይቻለሁ። የእናትሽን የሻይ ብርጭቆ አንስተሽ አሸተትሽው። እሷ ሻይ ነው ትል ነበር፤ እንፋሎት የሌለው ሻይ። አረቄውን በሻይ ቅጠል ቀለም ታስይዘው ነበር። "እማዬ፣ በዚህ እጅሽ ልጄን አትይዢም። ስወልድ የናትናኤል እናት መጥተው ያርሱኛል" አልሻት። በማግስቱ ሳይነጋ በመጀመሪያው መኪና ሄድሽ። ልክ ነሽ። ጨቅላ ለሚንቀጠቀጥ እጅ አይሰጥም። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን፣ ያለ ሆዱ ማለቴ ነው፣ ይህንኑ እል ነበር።

ከሄድሽ ወዲህ የሆነውን ግን አታውቂም።

እናትሽ ጨጓራዬን ብላ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሲስተር ሐምዲያ የምትባል ነርስ አለች፤ ጨጓራውንም፣ ጨጓራውን የተሸከመችውንም አየች። በሩን ዘጋችና "ዓለሚቱ፣ ማታ ማታ የምትጠጪው ምንድን ነው?" አለቻት። "ትጠጫለሽ ወይ?" አላለቻትም። እናትሽም ስለ ሻይ ብርጭቆው ነገረቻት። ብቻ ሲስተር "በአንድ ቀን አቁሚ አልልሽም፣ ሰውነትሽ ይጎዳል፤ ቀስ እያልን" ብላ በስልኳ ላይ አንድ አፕ ጫነችላት። ለሴቶች ተብሎ የተሠራ ነው፤ መጠጥ ለመቀነስ፣ ሆድ የባሰው ሰው ደግሞ የሆዱን እንዲያወጣ። አማርኛም ኦሮምኛም ያውቃል። በየሳምንቱ ሲስተር ራሷ ትደውላለች።

እኔ ስም አውጥቼለታለሁ፤ ወይዘሮ ጥያቄ እላታለሁ። መሸት ሲል፣ እናትሽ የተማሪዎቿን ደብተር አርማ ስትጨርስ፣ ያቺ ክፉ ሰዓት ስትመጣ፣ ስልኳ ጭልጭል ትላለች። "ዛሬ እንዴት ዋልሽ?" ነው የምትለው። አየሽ፣ አባትሽ ካረፈ፣ አንቺም ትዳር ይዘሽ ከሄድሽ ወዲህ፣ ያቺን ልጄን እንዴት ዋልሽ የሚላት ጠፍቶ ነበር። እኔ የምላት "ራት ደረሰ?" ነበር።

ቀጥላ ደግሞ ፊት ታስመርጣለች። የሚያለቅስ ፊት አለ፣ የሚስቅ አለ፣ አፉ ቀጥ ያለ ፊትም አለ። እናትሽ መጀመሪያ ላይ የምትነካው የሚያለቅሰውን ብቻ ነበር። አሁን አሁን ቀጥ ያለውን ትነካለች። ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ፤ ኦቦ ሌንጂሳ በጣም ደስ ሲለው ፊቱ እንደዚያ ነው።

አንድ ችግር ገጠመን። ወይዘሮ ጥያቄ "ስንት መለኪያ ጠጣሽ?" ብላ የምታሳየው ሥዕል የቢራ ጠርሙስና የወይን ብርጭቆ ነው። የሻይ ብርጭቆ አታውቅም። ስለዚህ እኔ የመለኪያ ሚኒስትር ሆኜ ተሾምኩ። ከኦቦ ሌንጂሳ ሚስት የአረቄ መለኪያ ተውሼ መጣሁና በውኃ እየሞላን ሻይ ብርጭቆው ውስጥ መገልበጥ ያዝን። ገለበጥን፣ አልሞላም። ደገምን፣ አልሞላም። ስንሠልስ ሞላ፤ እናትሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"አባዬ፣ እኔ እኮ አንድ ብቻ እያልኩ ነበር" አለችኝ።

ብርጭቆውን አነሣሁና ውኃውን ጠጣሁት።

አሁን የእኔን ጥፋት ልንገርሽ፤ ስትስቂ ሆድሽን ያዝ አድርጊ። አንድ ቀን እናትሽ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ ትታ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ወይዘሮ ጥያቄ ጭልጭል አለች። እኔም እንዴት ዋልክ መባል አማረኝና መነጽሬን አድርጌ ቀረብኩ። ምን ብላ ብትጠይቀኝ ጥሩ ነው? "ነፍሰ ጡር ነሽ?" ሰማንያ ዓመት የሞላውን ሰው! ደንግጬ ላጠፋው ስል "አዎ" የሚለውን ነካሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ፅንስ ምክር ትልክልናለች፤ "ለነፍሰ ጡር ጠብታም አይፈቀድም" ብላ ለእናትሽ የተፈቀደላትንም መለኪያ ዜሮ አደረገችው። ሲስተር ሐምዲያ ሰምታ በሳቅ ፈረሰች፤ "ቀንሳ ቀንሳ እዚያው ደርሳለች፣ ይሁን" አለች።

እናትሽ እስከ ዛሬ አላስተካከለችውም። የሚመጣውን ምክር አንድ ሳታስቀር ታነባለች። ባለፈው ሳምንት "በዚህ ጊዜ በግራ ጎንሽ ብትተኚ ይሻላል" የሚል መጣ። ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና "በግራ ጎኗ ትተኛ ይሆን?" አለች። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው።

አረቄው ሲያምራት ደግሞ ወይዘሮ ጥያቄ "ከሰው ጋር ወጣ በይ" ትላታለች። ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ። ጉልበቴ ይህን ትእዛዝ እንዴት እንደተቀበለው አትጠይቂኝ። እስከ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ሄደን እንመለሳለን። ወንድ ሲንገዳገድ ሰው ይስቅና ያልፈዋል፤ ሴት ከሆነች ግን ስሟ በየበሩ ይዞራል። ስለዚህ ለሰፈሩ ሁሉ "ሐኪም ለጉልበቴ እርምጃ አዞልኝ ነው" ብያለሁ። እነሱ "አይዞዎት ኦቦ ወሰኑ" ይሉኛል፤ እሷ ክንዴን ትይዘኛለች፤ ማን ማንን እንደደገፈ የሚያውቅ የለም።

ባለፈው እሑድ የኦቦ ሌንጂሳ ልጅ የፍሮምሳ ሠርግ ጉደር ነበር። መቅረት አይቻልም፤ ዶሮውም እነሱ ጋ ነው ያለው። እናትሽ በዋዜማው ስልኳን ይዛ ምክር ጠየቀች። ወይዘሮ ጥያቄ ምን ብትመክራት ጥሩ ነው? "መጠጥ ሲቀርብልሽ 'አይ፣ አመሰግናለሁ' በይ።" ይህን የጻፈ ሰው ጉደር ሠርግ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። አንዴ አይ ብትዪ አፍራ ነው ይሉሻል፤ ሁለቴ ብትዪ ተቀይማ ነው፤ ከሠለስሽ ሽማግሌ ተሰብስቦ ከማታውቂው ሰው ጋር ያስታርቅሻል። ብርሌው ደግሞ ሳይጎድል ስለሚሞላ አይቆጠርም።

እኔና እናትሽ መከርን። ማር በውኃ በጥብጠን ብርዝ ሠራን፤ መልኩ ጠጅ፣ ጠባዩ መነኩሴ። በብርሌዋ ሞልተን ከጎኗ ተሰየምኩ። የሙሽራው አክስት ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ደረሰች።

"ዓለሚቱ ኮ! ዱጊ ሜ! ጠጪ እንጂ፣ ምነው?"

"ሞልቶልኛል፣ እይው" አለች እናትሽ።

"ከጠዋት ጀምሮ እንደሞላ ነው! ብርሌ ነው ወይስ ሥዕል?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ሽማግሌ በጥም ደርቆ እያየሽ ልጅ ታጠጫለሽ?" ብዬ ብርሌዬን ዘረጋሁ።

"እርስዎ ደግሞ፣ ኦቦ ወሰኑ፣ መቼ ጠግበው ያውቃሉ!" ብላ ሞላችልኝ። ዞር ስትል ከአግዳሚው ሥር ደፋሁት። እኔም ትቼዋለሁ። ለጨጓራዬ ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት አትፈልጊለት።

እንዲህ እያደረግን ቀኑን ሙሉ ዋልን። ሮሆቦት፣ ጠጅ የምትባል ነገር በእናትሽ ከንፈር ሳታልፍ መሸ።

እንግዲህ ምልጃ አይደለም። እናትሽም "ለምንልኝ አላልኩህም" ብላኛለች። ብቻ ለአጥሚት የሚሆን ገብስ ከጎጆ ከተማ አስመጥታ፣ ፈትጋ፣ አስፈጭታ በንጹሕ ከረጢት አስቀምጣለች። ማን እንደሚወስደው ስጠይቃት "ሰው አይጠፋም" ትለኛለች። የናትናኤል እናት ደግ ሴት ናቸው፤ ይምጡ፣ ደስ ይበለን። አንድ አራስ በሁለት እናት ብትታረስ ክልክል መሆኑን ግን የትም አላነበብኩም።

ማርያም የዚያን ቀን ከራስጌሽ አትራቅ። ምጥሽ አጭር፣ ሳቅሽ ረጅም ይሁን። ልጁ ዓይኑን ከአንቺ፣ ትዕግሥቱን ከአባቱ ይውሰድ፤ ከእኔ ምንም ባይወስድ ይሻለዋል፣ የቀረኝ ጥርስ ጥቂት ነው።

አያትሽ ወሰኑ፣
የመለኪያ ሚኒስትር

ከፈረምኩ በኋላ፦ እናትሽ ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ ላስገባው ብላ ወሰደችና ቆማ አነበበችው። መልሳ ፊቴ አስቀመጠችው፤ እስክሪብቶውንም ጭምር።

"አባዬ፣ አንድ ቦታ ዋሽተሃል።"

"አንድ ብቻ?" አልኳት። አልሳቀችም።

ሌላው ሁሉ እውነት ነው። ጠጅ በከንፈሯ አላለፈችም ያልኩት ግን ፈጠራዬ ነው። ሙሽሮቹን ይመርቁ ተብዬ ስነሣ ጎኗ ባዶ ቀረ፤ ያቺ አክስት ቀዳችላት፤ እናትሽም አንድ ብርሌ ጠጣች። ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ፣ እኔ ምንም ሳልጠይቃት፣ ራሷ ነገረችኝ። ቤት እንደገባን በገዛ ጣቷ ለወይዘሮ ጥያቄ ነገረች፤ በማግሥቱም ለሲስተር ሐምዲያ። ከዚያ ወዲህ አልቀመሰችም። ከአንቺ ግን እኔ ልሸፍንላት ፈልጌ ነበር።

"ጻፍላት" አለችኝ። "ማን እንደምታርሳት አውቃ ትጥራኝ፤ ካልሆነም አውቃ ትተወኝ።"