መርፌ ያልተሰማው አውራ ጣት

ኅዳር 3
ልጄ ሕፃኗን ከእጄ ላይ ነጠቀችኝ። የገዛ ልጄ። በባሏ ፊት። «አባዬ፣ እጅህ ይቧጭራታል!» አለች። የልጅ ልጄ ጉንጭ ላይ ቀይ መስመር ነበር... ቀጭን። ሥራ ክፍሌ ገብቼ የጀመርኩትን መዝገበ ቃላት ሰፋሁ። መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ ማንም ሳያባብለኝም መኖር እችላለሁ።

ኅዳር 4
እጄን በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ቅርፊቱ እንደ ደረቀ ሙጫ ይነሳል። ክርኔም፣ የእግሬ አገዳም። ቆሻሻ ነው ብዬ በፈላ ውሃና በልብስ ሳሙና ፈተግኩት። ሦስት ጊዜ።

ኅዳር 7
ባሰበት። ተሰነጠቀ፤ ደሙ የሽፋኑን ጨርቅ ነካ። የምጠርዘውን ሁሉ አነባለሁ፤ ትምህርት ቤቴ እሱ ነው። ድሮ የጠረዝኩት የሕክምና መጽሐፍ ትዝ አለኝ። ሥጋ ደዌ የሚለው ገጽ... ቆዳ ይደርቃል፣ ይደነዝዛል፣ መርፌ አይሰማም። መርፌ እኔ ቤት ሞልቷል።

ኅዳር 8
አልተሰማኝም።

ኅዳር 9
ደገምኩት። ቀኝ አውራ ጣት። መርፌው ገባ... ምንም። ልጄ አውቃ ኖሯል? የነጠቀችኝ ለዚህ ነው? ሕፃኗ ላይ ያየሁትስ መስመር... ከእኔ ይዟት ቢሆንስ? በሩ ተንኳኳ።
«አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል።»
«አልራበኝም።»
«ትላንትም አልራበህም። ደግሞ በዚህ ዕድሜ ኩርፊያ!»
ኩርፊያ መሰላት። ይምሰላት።

ኅዳር 12
ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ከሚያስወጡኝ በራሴ እግር ብወጣ ይሻላል። ግን የበሽታውን ስም ከሐኪም አፍ ሳልሰማ አልሄድም። ነገ ክሊኒክ፣ ብቻዬን። ዛሬ ክሩን መርፌው ውስጥ ማስገባት አቃተኝ።

ኅዳር 13
ሐኪሟ ከልጄ ታንሳለች። ሁሉን ነገርኳት፣ መርፌውንም። ዓይኔን አስጨፍና ክንዴን በጥጥ ጫፍ ነካችኝ።
«አሁን?»
«ይሰማኛል።»
«እዚህስ?»
«ይሰማኛል አልኩ እኮ!»
ጀርባዬ፣ የእግሬ ጣቶች... ሁሉም ተሰማ። ከዚያ አውራ ጣቴን ይዛ አገላበጠችው።
«አባቴ፣ በዚህ ጣት ስንት ዓመት መርፌ ገፉ?»
«ሃምሳ ሁለት።»
«ቆዳው ጠንክሮ መጅ ሆኗል እኮ! እንኳን መርፌ ሚስማርም አይሰማው።»
እሷ ሳቀች። እኔ ላብ አጠመቀኝ።
«የፈሩት በሽታ ቢሆን እንኳ በመድኃኒት ይድናል፤ ከቤት የሚያስወጣ አይደለም። የእርስዎ ድርቀት ነው። ዕድሜ አለ፣ ቀኑን ሙሉ ወረቀት መንካት አለ። በዚያ ላይ ቆዳዎን ቀቅለውታል!»
«ሕፃኗስ?»
«ሻካራ እጅ ቧጨራት። በቃ።»
ያዘዘችኝ ይህን ነው፦ በለብ ያለ ውሃ መታጠብ፣ ቶሎ መውጣት። ሽታ የሌለው ሳሙና። ገላዬ እርጥብ እያለ ቫዝሊን። ውሃ መጠጣት፤ ዓሣ፣ አቮካዶ፣ አትክልት። «ምግብ ትተዋል አይደል?» አለችኝ። በምን አወቀች?

ኅዳር 20
ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሙሽራ ተቀባሁ። ወረቀቱን ቅባት እንዳይነካው ጠዋት ጠዋት እስኪመጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። አማቼ ቅባቴንና አቮካዶዬን አይቶ «ጋሼ፣ ትዳር አሰቡ እንዴ?» አለ። «ዝም ብለህ ብላ» አልኩት። ግን በየቀኑ ክንዴን በጥጥ እሞክረዋለሁ። ሐኪሟ ተሳስታ ቢሆንስ?

ታኅሣሥ 11
ስንጥቁ ገጠመ። ቅርፊቱ ክርኔ ላይ ብቻ ቀረ። ጥጡን ከተውኩት አራት ቀን ሆነኝ። ዛሬ ልጄ ሻንጣውን አልጋዬ ሥር አገኘችው።
«ወዴት ልትሄድ ነበር?»
ሻንጣውን ከፈትኩት።
«አባዬ... ያን ቀን ስለነጠቅኩህ ነው? ደንግጬ እኮ ነው...»
«ልብሴን ቁም ሣጥኑ ውስጥ መልሺ። መጀመሪያ ግን ልጅቷን አምጪልኝ።»
አመጣቻት፤ ታቀፍኳት። ልጄ እንደገና አፏን ስትከፍት «በቃ!» አልኳት። ያ ቀን በዚህ ቤት ሁለተኛ አይነሳም። ምን ፈርቼ እንደነበርም አትሰማም። እዚህም ከዛሬ ወዲያ አልጽፈውም።