ለጉልበቴ ሎሚ የታሰበው ብረት

ጥቅምት 7፣ 1981 ዓ.ም.፣ ከሰዓት

አይ፣ አልፈራሁም! ማን ፈራሽ አለኝ? ማንም። ግን አንተ ደብተር ዝም ብለህ ስታየኝ የጠየቅከኝ ይመስለኛል። መሠረተ ትምህርት ፊደል ካስቆጠረኝ ወዲህ ካንተ ሌላ የሚያስጨርሰኝ የለም።

ከአልዱባ ገበያ ስመለስ ከጭነት መኪና ወድቄ የጉልበቴ ሎሚ ለሁለት ተሰነጠቀ። ወጌሻ አሸው፣ አልገጠመም። አሁን አስቴር፣ ሩሲያ ሕክምና ተምራ የመጣችው የልጄ ልጅ፣ አ.አ. ወስጄ ላሠራሽ ትላለች። የሚገጥመው ብረት አለ አለች። በር ነኝ እንዴ? አልኳት።

ሳቀች። ቀጥ ያለ ቀጭን ሽቦ አወጣች። ጠምዝዢው አለችኝ፣ ጠመዘዝኩት። ሙቅ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ጣለችው። ወይ ጉድ! እንደ ትል ተላወሰና ቀጥ አለ። ነፍስ አለው ብዬ ሸሸሁ። ነፍስ የለውም፣ ቅርጹን ያስታውሳል አለች። ጉልበቴ ውስጥ የሚገባው ግን እንደ ጥፍር የሚቆነጥጥ ጫፍ ያለው ነው። በበረዶ ውሃ አቀዝቅዘው ይከፍቱታል፣ አጥንቱን ያስታቅፉታል። የገዛ ሥጋዬ ሲያሞቀው ወደ ጥንት ቅርጹ ተመልሶ ይጨበጣል፣ ስንጣቂዎቹን ገጥሞ ይይዛል።

ጥቅምት 8፣ ቀትር

ተጋድሜያለሁ። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታሞቀው ጣ፣ ጣ ይላል። ምን ትዝ ብሎት ይሆን? የጂንካ ቆርቆሮ ሁሉ፣ የድስት ክዳኑ፣ የአሮጌ መኪናው በር፣ ሞቅ ሲለው ወደ ልጅነቱ የሚመለስ መሰለኝ። ሸለብ አደረገኝ። እግሬ ብቻዋን ተነስታ ወደ አልዱባ ስትሄድ አየሁ። ቅቤ ሻጮቹ ሴትየዋስ የት አለች አሏት። ከኋላዬ ናት አለች። ውሸታም እግር!

ነቃሁ። አስቴር እቅጩን ነገረችኝ። ካልተሠራ ጉልበቱ እንዲሁ ይደርቃል፣ በእግር ገበያ መሄድ ቀረ። ቢሠራም ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ላይዝም ይችላል። ምረጪ አለች። አውሮፕላኑ ዓርብ ነው።  

ጥቅምት 9

ሽቦውን ሰረቅኩ። ሰረቅኩ አይባልም፣ ተዋስኩ። ለአሪ ሴቶች አምባር የሚሠራው ቀጥቃጩ ጋርሺ ዘንድ እያነከስኩ ሄድኩ። ይሄ ሽቦ ያስታውሳል አልኩት።

"እንግዲያው እማማ፣ የሠርጌን ቀን ጠይቂልኝ። ሚስቴ ረሳህ እያለች አሳሬን አበላችኝ።"

ወናፉን ነፋ። ፍም እስኪመስል አቀላው፣ ዘንግ ላይ ጠቅልሎ አምባር አደረገው፣ እንደያዘው ውሃ ነከረው። እጄ ላይ ለካልኝ ደግሞ፣ ቀብራራ!

ቤት ገባሁ። ቀጥ አደረግኩት፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጣልኩት። አምባር ሆነ! ደገምኩ። አምባር! የድሮውን ረሳው ማለት ነው።  ምድጃ ዳር ስቀመጥ ጉልበቴ ውስጥ የሚገባውም እንዲህ ቢረሳስ? ኦሞራቴ በረሃ ብወርድ ተበርግዶ ቢቀርስ?

ጥቅምት 10

አስቴር አምባሩን አየች፣ ጮኸች፣ ከዚያ በሳቅ ወደቀች። አልረሳም አለች፣ ጋርሺ አዲስ አስተማረው እንጂ። እንደዚያ ቀልቶ ሳለ የያዙትን ቅርጽ ይማራል፣ ከዚያ ወዲያ ያንኑ ያስታውሳል። ፋብሪካውም የሚያስተምረው በእሳት ነው።

"እምዬ፣ አንቺ እንደ ፍም ከቀላሽማ የሚያሳስበን ጉልበትሽ አይደለም!"

ባለጌ! ግን እውነቷን ነው። ጥርስ ያቀኑበታል፣ የአውሮፕላን የዘይት ቱቦ ይገጥሙበታል አለች። እና ከእኔ በፊት በርሯል? ቀናሁ። የሰማይ ብረት ሥጋዬ ውስጥ ገብቶ፣ በእኔ ሙቀት ነቅቶ፣ አቅፎኝ ሲኖር... እንዴት ያለ ነገር ነው ደብተር!

ከኦፕራሲዮኑ ስነቃ ማን አጠገቤ አለ? አልኳት። እኔ አለች። ዓይኗን ሸሸት አደረገች። ለካ እሷም ፈርታለች።

ጥቅምት 11፣ ጠዋት

ላሞቹን ከአውሮፕላን ሜዳው እያባረሩ ነው፣ ፉጨቱ ይሰማኛል። እሺ አላልኳትም እስካሁን። ትንሽ ትለምነኝ ብዬ። ነጠላዬን ግን አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ።

ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ያዝልኝ። ባይሳካ ዘመዱ ሁሉ ያቺን ልጅ ይበላታል። አስገድዳት፣ በእጇ ገደለቻት ይላል፣ አውቀዋለሁ። እንዳትነኳት። ማንም አልገፋኝም። በገዛ አፌ፣ በገዛ እጄ፣ ፈቅጄ ነው። ፈቅጄ

እምዬ አለች አስቴር ከበር። አውሮፕላኑ ወረደ፣ ምን ወሰንሽ ትላለች። የእኔ ልጅ! መጣሁ! አንዴ ይቺን ብቻ ልጨር—