ከእማዬ ደጅ የተቀዳ ውሃ

ጥር 6
ቀኑን ሙሉ ቤተ ሙከራ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ ተጎንብሼ ዋልኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ውሃው መበከሉን ለማወቅ የወደቡ ውሃ ውስጥ ያሳደርናቸው የባሕር ጃርት (የዚያ እሾሃም የባሕር እንስሳ) እጮች እንደ ልማዳቸው... ድብልብል፣ እጅ የሌላቸው። ጤነኛ እጭ በሁለተኛው ቀን አራት ቀጫጭን እጆች ያወጣል። እነዚህ ምንም። ቆጠርኩ፣ መዘገብኩ፣ ደፋሁ። ድሮ ያሳዝኑኝ ነበር መሰለኝ። አሁን ምሳ ምን እንደምበላ እያሰብኩ ነው የምቆጥራቸው።

ጥር 8
እማዬ ጋ አደርኩ። ቤቷ ከወደቡ ሩቅ ነው፣ ከኮረብታው ሥር፣ ባሕሩ ደጃፏ ድረስ ይመጣል። እንደ ሁልጊዜው ጀሪካን ሙሉ ቀድቼ ተመለስኩ። የወደቡን ውሃ የምናነጻጽረው ከዚህ ንጹሕ ውሃ ጋር ነው። ሐሳቡ የኔ ነበር። ከእማዬ ደጅ የተሻለ ባሕር የት ይገኛል? እሷንም ለማየት ሰበብ ሆነኝ።
ታናሽ እህቴ እስክትወልድ እዚያው ናት። ሆዷ ገፍቷል። እማዬ ከድንጋዩ ላይ የለቀመችውን ዛጎል ቀቅላ ሥጋውን ታበላታለች።
"ብዪ እንጂ! ለሁለት እኮ ነው የምትበዪው።"
"እማዬ፣ በዚህ አያያዝሽ ሦስት ልታደርጊኝ ነው።"
ሳቅን።

ጥር 11
የእማዬ ውሃ ውስጥ ያሉትም ድብልብል ሆኑ።
አለቃችን "ብርጭቆዎቹን በደንብ አላጠብሽም" አለኝ። (እጁ ላይ ጓንት ስለማይጠፋ "ጓንቱ" ነው የምንለው።) ይሆናል። ሳሙና ቀርቶባቸው ይሆን?

ጥር 13
እንደገና አጠብኩ። እንደገና ሠራሁ። ያው።
"ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ" አለ ጓንቱ። ከዚያ ደግሞ "ውሃው ራሱ ቢሆንስ?" አለ። እኔ ግን በጀሪካኑ አሳበብኩ።

ጥር 16
በአዲስ ጀሪካን ቀዳሁ። ቀድቼም ዝም ብዬ መመለስ አልሆነልኝም። ኮረብታውን ዞሬ ወጣሁ። ለካ ከወዲያ በኩል የጀልባ ጥገና ተከፍቷል! የጀልባዎቹን ሆድ አሮጌ ቀለም ይፍቃሉ። ቀይ አቧራ። አንዱን ሠራተኛ ከመቼ ወዲህ ነው ብዬ ጠየቅኩት።
"ኧረ ቆየን እኮ! ነፋሱ ወደዚያ ስለሚወስድልን ተመችቶናል።"
ወደዚያ ማለት ወደ እማዬ ነው።
ዛጎሉን ተዪው አልኳት። ተቆጣች። "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማሽም? አንቺንስ በምን አሳደግኩሽ?" እህቴ ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

ጥር 19
የአዲሱ ጀሪካንም ያው። መዘገብኩ፣ ደፋሁ።

ጥር 24
ሐኪም ቤት ወስጄ ያስመረመርኳት የእህቴ የደም ውጤት ደረሰ። እርሳስ፣ አሮጌ የጀልባ ቀለም ውስጥ ያለው መርዛማ ብረት። ከሚገባው በላይ። ሐኪሟ ትሑት ሴት ናት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። ዛጎሉን ከእንግዲህ እንዳትነካ፣ የታዘዘላትን እንድትወስድ...
"ልጁስ?" አልኩ።
"እንከታተለዋለን።"
"ማለት?"
"እንከታተለዋለን፣ እህቴ።"
በአውቶቡስ ስንመለስ መስኮቱን ተደግፋ ተኛች። የተኛች መሰለች። ማልቀስ ነበረብኝ። አልመጣልኝም። የሚወጣውንና የሚገባውን ተሳፋሪ ሳይ ደረስን።

ጥር 26
እህቴ ከእማዬ ቤት ወጥታ እኔ ክፍል ገባች። አልጋውን ለቀቅኩላት። ማታ እማዬ ደወለች።
"በገዛ እጄ ነው አይደል?"
"አይደለም፣ እማዬ።"
"ታዲያ በማን እጅ በላችው?"
ስልኩን እሷም አልዘጋችው፣ እኔም አልዘጋሁት።

የካቲት 3
ከእንግዲህ ማነጻጸሪያውን ራሳችን ነው የምንሠራው። የታሸገ ጨው በተጣራ ውሃ እንበጠብጣለን። ባሕር በባልዲ። ጓንቱ ደስ ብሎታል፣ እጮቹ አምረው ወጡ።
እህቴ ቤት መዋል ሰልችቷት አብራኝ መጥታ ነበር። እስቲ ልይ አለች። ወንበሩን አስጠጋሁላት።
"እትዬ፣ እነዚህ ጤነኞቹ ናቸው?"
"አዎ።"
"በምን ታወቀ?"
"እጃቸውን ቁጠሪ።"
ቆጠረች። አራት። ሌላውንም ቆጠረች፣ አራት። ፈገግ አለች። ስንት ጊዜዋ ነው ፈገግ ካለች? ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች።
"የኔንስ በምን ታውቂልኛለሽ?"
አላውቅም አልኳት። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ፈራሁ። እዚህ ቤተ ሙከራ ውስጥ ፈርቼ አላውቅም ነበር።