ያላሰርኩት ሳይክል

ውድ እትዬ፣ እናትም እህትም የሆንሽኝ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ጎንበስ ብለሽ ጎማ ስትፈቺ ያዝ ያደርግሽ የነበረው ለቀቀሽ፣ ወይስ አሁንም እንደ ክፉ ጎረቤት ይመላለስብሻል? ጋሼስ ደህና ነው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የሱቁ ጣሪያ ዘንድሮ አላፈሰሰም? እኔ ለጤናዬ ምንም አልልም፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ተመስገን ነው። በሌላ በሌላው ግን ደህና ነኝ ብልሽ ውሸት በውሸት ላይ መደረብ ይሆንብኛል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አራተኛ ሳምንቱ ነው። «ሥራህን ወደው ሳይክል ሸለሙህ፤ ደብዳቤህን ለጎረቤቱ ሁሉ አነበብኩት፤ ፀጉር አስተካካዩ እንኳ መቀሱን አስቀምጦ አዳመጠኝ፤ አኮራኸኝ» ብለሽ ጽፈሻል። እትዬ፣ ያንን ሳነብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳይክሉን ማግኘቱንስ አግኝቻለሁ፤ ሽልማት ግን አይደለም። እንዴት እጄ እንደገባ ልንገርሽና ከዚያ ወዲያ እንደወደድሽ ፍረጂብኝ።

የምሠራው ትንንሽ የግል አውሮፕላኖች የሚያድሩበት ሜዳ ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከነሱ አንዷ የአንድ ጥርስ ሐኪም ናት፤ ከሩቅ ሲያዩዋት ፌንጣ የምትመስል፣ አራት ሰው የምትይዝ። ሐኪሙና ሚስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሳይክል ጭነውባት ይሄዳሉ። መጀመሪያ ስነግርሽ «ምነው፣ ምድሩ አልበቃ ብሏቸው ነው በሰማይ ሳይክል የሚነዱት?» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። እንዲህ ያሉት ሜዳዎች ሁሉ ከከተማ የራቁ ናቸው፤ ካረፉ በኋላ ታክሲ የለ፣ አውቶቡስ የለ። ስለዚህ ሳይክላቸውን ያወርዱና ሲያሻቸው ወደ ሐይቅ፣ ሲያሻቸው ወደ ገበያ ሲነዱ ይውላሉ፤ ሳይመሽ ይመለሳሉ። የኔ ሥራ የኋላውን ወንበር አውጥቼ፣ የሳይክሎቹን ጎማና ፔዳል ፈትቼ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወለሉ ላይ ካሉት ቀለበቶች ጋር በማሰሪያ ቺንጋ መጠፈር ነበር። አንቺ ያስተማርሽው እጅ ነውና በአሥር ደቂቃ አጠናቅቀዋለሁ። ሐኪሙ «ባለመፍቻው» ብሎ ነው የሚጠራኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሁለተኛው ሳይክል ቺንጋ ዘለበቱ አልነክስ አለኝ። ሲጎትቱት የያዘ ይመስላል፣ ሲለቁት ይሸሻል። አዲሱ ቺንጋ ያለው ሜዳውን ተሻግሮ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ማካፋት ጀምሯል። ሰነፍኩ። ሌላ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም። ጫፉን እንደነገሩ ቋጠር አድርጌ ብርድ ልብሱን ከላይ አለበስኩት። ሐኪሙ የአውሮፕላኗን ክንፍ እየዞረ ሲያይ «ታስሯል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ተራራ ይነቃነቅ እንደሁ እንጂ እሱ አይነቃነቅም!» አልኩት። ሳቀና አምኖኝ ገባ። ሚስቱ በመስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ያ እጅ እንጀራዋ ነው።

አርባ ደቂቃ ሳይሞላ የአውሮፕላኗ ድምፅ ተመልሶ መጣ። ተራራው ላይ ነፋስ አንገጫግጯት ድንገት ቁልቁል ስትል፣ ሳይክሉ ከቋጠሮው አምልጦ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ወደፊት ተወርውሯል። መሪ የያዘውን የሐኪሙን ክንድ ሊመታው ሲል ሚስቱ ዞራ በቀኝ እጇ ያዘችው። ብረቱ ጣቶቿን ከወንበሩ ጋር አጣብቆ ጨፈለቃቸው። እስኪያርፉ ድረስ አልለቀቀችውም። ለቅቃው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ዛሬ በሕይወት አይኖሩም ነበር።

በሩን ስከፍት ሐኪሙ ፊቱ አመድ መስሏል። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አብራሪ ጭነቱን በእጁ ሳይነካ አይነሳም» ይላል ደጋግሞ። የሜዳው ኃላፊ መጥቶ ሲጠይቀኝ «አጥብቄ አስሬው ነበር» አልኩ። ሐኪሙም አጠገቤ ቆሞ «አዎ፣ እሱ ደህና አድርጎ ነው የሚያስረው፤ ምናልባት ጃኬቴን ሳስቀምጥ ነካክቼው ይሆናል» አለ። እያወቀ ዋሽቶልኝ ቢሆን በቀለለኝ። እሱ ግን እውነት መስሎት ነው።

የሴትየዋ ሁለት ጣቶች ተሰብረው ነበር። አጥንቱ ገጠመ፤ የመሃል ጣቷ ግን እንቢ አልታጠፍ አለ። ሐኪሙ አውሮፕላኗን ሸራ አልብሷት ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት የተጣመመውን ሳይክል በመኪና ጭኖ መጣና «ለኛ ከእንግዲህ አይሆንም፤ አንተ ታቃናዋለህ፤ ለድካምህ ይሁንልህ» ብሎ ሰጠኝ። ያን ቀን ነው «ሸለሙኝ» ብዬ የጻፍኩልሽ። ለምን እንደዋሸሁሽ እንጃ። አንቺ ካመንሽው እኔም የማምነው መስሎኝ ይሆናል።

መልስሽ በደረሰኝ ማግስት ሳይክሉን እየገፋሁ ወደ ልብስ ስፌት ቤቷ ሄድኩ። አቃንቼው ነበር፤ ልነዳው ግን እግሬ እንቢ አለኝ። ሴትየዋ በግራ እጇ መቀስ መያዝ እየተለማመደች ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጣለች። ቁጭ በል ብትለኝም ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዘለበቱን፣ ዝናቡን፣ ተራራ ብዬ መፎከሬን። ሰምታኝ ስታበቃ መቀሱን አስቀመጠች። «እጄን ተወው፤ እጅስ ይለመዳል። ሁለት ወር ሙሉ ባሌ ‘እንዴት ሳልነካው ተነሳሁ’ እያለ ራሱን ሲበላ፣ አንተ እዚያ ተቀምጠህ ሳይክል ታቃና ነበር?» አለችኝ። «ለኔ የነገርከኝን ሂድና ለሱ ንገረው። ይሄንንም ብረት ከፊቴ አንሳልኝ» አለች።

የሐኪሙ የሕክምና ክፍል ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ጓንቱን ሳያወልቅ ሰማኝ። «ጨርሰሃል?» አለ። «አዎ» አልኩ። «ሳልፈትሽ መነሳቴ የኔ ጥፋት ነው፤ እሱን ከኔ አትወስደውም። መዋሸትህ ያንተ ነው፤ እሱን ደግሞ እኔ አልሸከምልህም። ለኃላፊው ራስህ ንገረው» ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ደስ ባለኝ።

ለኃላፊውም ነገርኩት። ያባርረኛል ብዬ ልብሴን ሸክፌ ነበር፤ አላባረረኝም። ጭነት እንዳልነካ ግን ከልክሎኛል። አሁን ወለል እጠርጋለሁ፣ ክንፍ አጥባለሁ። ሳይክሉንም ለሜዳው ሰጠሁት፤ ሳይክል ሳይዙ የሚያርፉ እንግዶች እየነዱት ከተማ ይወርዳሉ። አንቺም እንግዲህ ያንን ደብዳቤ ያነበብሽላቸውን ሰዎች ሰብስበሽ ይሄንንም አንብቢላቸው። ፀጉር አስተካካዩ እንዳይቀር። እንደምታፍሪብኝ አውቃለሁ፤ በውሸት ከምትኮሪብኝ ግን በእውነት ብታፍሪብኝ ይሻላል ብዬ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ ሐኪሙ ሸራውን ገፈፈ። አንድ ሳይክል ብቻ ነው የጫነው። ሌላ ሰራተኛ አሰረለት፤ ሐኪሙም ገብቶ ቺንጋዎቹን አንድ በአንድ በእጁ እየነቀነቀ አየ። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ ነበር። በአጠገቤ ሲያልፍ አንገቱን ሰበር አደረገልኝ፤ «ባለመፍቻው» ግን አላለኝም። ሚስቱ አብራው አልመጣችም። ከእንግዲህ አውሮፕላን በደጄ አይለፍ ብላለች አሉ።

ሰኞ የእረፍት ቀኔ ነው። ሴትየዋ ቤት እሄዳለሁ፤ ማንም ና አላለኝም። የመጀመሪያው ሰኞ በሩን ከፍታ አይታኝ መልሳ ዘጋችው። በሁለተኛው የጨርቅ ጥቅሎቹን ከመደርደሪያ ሳወርድላት አልከለከለችኝም፤ ጠርጌላት ወጣሁ። ባለፈው ሰኞ ደግሞ በግራ እጇ መርፌ ይዛ ክሩን ለመሰካት ስትታገል ደረስኩ። የቀኝ መሃል ጣቷ ቀጥ ብሎ ክሩን ያስታል። ብዙ ታገለች። በኋላ ቀና ሳትል መርፌውንና ክሩን ወደኔ ዘረጋች። ሁለቴ ሳትኩ፤ በሦስተኛው ሰካሁላት። ተቀበለችኝና መስፋቷን ቀጠለች። ይቅር ብላኛለች አልልሽም። «ና»ም አላለችኝ፣ «አትምጣ»ም አላለችኝ። ነገ ሰኞ ነው፤ እሄዳለሁ።

በይ እንግዲህ ጋሼን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ጉንፋኑን በሎሚ ብቻ አታባብል በይው። ትልቋን ልጅሽን ለፈተናዋ በርቺ በያት። መንትዮቹን ግራና ቀኝ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይተሽ ሳሚ፣ አለዚያ አንዱን ሁለቴ ስመሽ ሌላው ያኮርፋል። አክስታችን እንዳታለቅስ ደብዳቤውን ስታነቢላት ቀስ በይ። አንቺን ደግሞ እትዬ፣ ያንን የታመመ ወገብሽን አቅፌ ስሜሻለሁ።

የበደለሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከሜዳው ማዶ ካለችው ክፍሌ፣
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰኔ 9 ቀን