ካዛንቺስ ላይ የቀቀልኳቸው ክሮች

ወንድሜ መዝገቡ፣

ፖስት ካርዱ ጠባብ ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ ልጻፍልህ። ካዛንቺስ እኔና አንተ ሙዚቃ ስንጫወትበት የነበረው ቤት ፈርሷል። ለቅዳሜው ዝግጅት የምንለማመደው አንድ አዲስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። አብሬያቸው እንድጫወት የጋበዙኝ የሮክ ልጆች ጨዋዎች ናቸው። ጊታር ተጫዋቹ ዮአብ ግን ገና ቤዝ ጊታሬን ሲሰማ፣ "ጋሼ፣ ክሮቹ ሞተዋል። በእነዚህማ መድረክ አንወጣም" ብሎ አዲስ ክር አቀረበልኝ።

"ቤዝ ራሴን ካስተማርኩ ጀምሮ ክር ጥዬ አላውቅም። ቆሽሸዋል እንጂ አልሞቱም" አልኩት።

ፈትቻቸው ወደ ሆቴሉ ኩሽና ወረድኩና ድሬ ላይ በሚስትህ በሙሉነሽ ድስት እንደማደርገው ቀቀልኳቸው። ወጥ ሠሪዋ ክዳኑን ከፍታ አየችና፣ "አባባ፣ ይሄን ፓስታ ለማን ልናቀርበው ነው?" አለችኝ።

አድርቄ መልሼ ስወጥራቸው ድምፃቸው ጥርት አለ። ሁለተኛው ዘፈን መሃል ላይ ግን ቀጭኑ ክር ተበጠሰ። በቀሩት ሦስቱ ዘፈኑን ጨረስኩት። አንተ ድራሙ ላይ ብትሆን ኖሮ ትስቅብኝ ነበር፤ ዮአብ ግን አልሳቀም። ከአዲሶቹ አንዱን መዝዞ ዘረጋልኝ። አሰርኩት። ሦስቱ ግን አሮጌዎቹ ናቸው፤ ቅዳሜ መድረክ የምወጣው በእነሱ ነው።

ቦታው አለቀ። ልጆችህን ሳምልኝ። ሙሉነሽን ሰላም በልልኝ፤ ክሩ መበጠሱን ግን እንዳትነግራት። "የተቀቀለ ብረት ዕድሜ የለውም" ያለችኝን እስከ ዛሬ አላመንኩላትም።

ኢያቄም