የተቀበረው ብልቃጥ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9/1998፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

አሥረኛ ክፍል። ዛሬም የሴል ክፍፍል። ቀኝ እጄ ከትከሻ በላይ አልወጣ ስላለ ሰሌዳው ላይ ተማሪዎች ይጽፉልኛል፣ እኔ ወንበር ላይ ሆኜ አዛለሁ። ሴሉን ተከፈል እያለ የሚገፋ ፕሮቲን አለ፣ ቆይ የሚለውም አለ፤ ገፊው ሲበዛ መከራ ነው አልኳቸው። ባዶው ደረቴ ላይ ነጠላዬን ሰብሰብ አደረግኩ። ማንም አልሳቀም።

ከትምህርት በኋላ ሆስፒታል። ጡቴን የቆረጠው ዶ/ር ከዕጢው ቀንሶ፣ ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፎርማሊን ባለበት ብልቃጥ ከቶ ለባሌ ለሞላ ሰጥቶት ነበር፣ አ.አ. ላለ ሐኪም ጓደኛው እንዲልከው። እዚያ ቀለም ውስጥ ነክረው ያ ገፊ ፕሮቲን ምን ያህል እንደበዛ ያያሉ። ከበዛ ዕጢው ቶሎ ሊመለስ ይችላል፤ ብርቱውን መድኃኒት ሳልውል ሳላድር መጀመር አለብኝ። ዶ/ሩ ጓደኛው ጋ ደወለ። ብልቃጥ የሚባል አልደረሰም። ሞላ ግን በአውቶቡስ ልኬዋለሁ ብሎኛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 10

ቀበረው! ስሚ ማስታወሻዬ፣ ቀበረው። ቤ/ክ ግቢ፣ አባቱ መቃብር ግርጌ። ራት ላይ ሳፋጥጠው አመነ። እዚህ የተቆረጠ እጅም እግርም ይቀበራል፣ ወግ ነው። ጡቴ ሲቀበርም አልተቃወምኩም። ብልቃጡ ግን ለምርመራ መሆኑን ያውቃል! "ገላሽን ከፋፍዬ ሰው አገር ልስደደው? ኋላ በምን ልትነሺ ነው?" አለኝ። ለትንሣኤዬ ተጨንቆ ለመጪው ፋሲካ መድረሴን ረሳው።

አርብ፣ ጥቅምት 11

አላናገርኩትም። ራቱን ራሱ ይሥራ። ለመ/ቤት ባልደረቦቹ ልንገርበት? እዚህ ቆላው ወረዳ፣ ዝቋላ ወርጄ ለእናቱ ልክሰሰው? እሳቸው በዱላ ነው የሚሉልኝ። አለቀስኩ። ከዚያ መልሼ ተናደድኩ።

ድንገት አንድ ነገር መጣልኝ። ክዳኑን ከፍተኸው ነበር? አልኩት። ከፈትኩት፣ ሽታው ዓይኔን ሲያቃጥለኝ መልሼ ገጠምኩት አለ። ከነብልቃጡ፣ ከነፎርማሊኑ ነው የቀበረው! ሥጋው አልበሰበሰም ማለት ነው። ዶ/ሩ ጋ ሄድኩ። አሁንም ይመረመራል፣ ግን ሲቆይ ምልክቱ ይደበዝዛል፣ ቶሎ አድርሱት አለ።

እሑድ፣ ጥቅምት 13

ትናንት ማንም ሳያየኝ ቆፍሬ ላውጣልሽ ብሎ ለመነኝ። እምቢ። በሰው ፊት። አንድ ቀን ማባከኔን አውቃለሁ፤ ቂም ቀን አይቆጥርም።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲወጣ የነፍስ አባታችን ፊት አቆምኩት። አባ፣ የተቀበረው ለምርመራ ነበር፣ ይፍቀዱልን አልኳቸው። እሳቸው ሲቀበር ሆስፒታሉ ምርመራውን የጨረሰ መስሏቸው ኖሯል። ሞላን በኽምጣኛ ተቆጡት፤ እኔ የደሴ ልጅ ቋንቋው ባይገባኝም ቁጣው ገባኝ። አካፋ መጣለት። አንገቱን ደፍቶ ቆፈረ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ለእኔ ይሁን ለእሱ እንጃ። ብድር በምድር! ደስ አለኝ። በጣም።

ብልቃጡ ደህና ነው። ክዳኑም እንደተገጠመ። ሞላ አፈሩን በጋቢው ጠረገለት። ቤት ስንገባ እውነቱን አወጣ፦ ትንሣኤው ሰበብ ነው። ዕጢው ይመለሳል የሚለውን ቃል ፈርቶ ነው የቀበረው። ካልተመረመረ የሚቀር መስሎት። አላዘንኩለትም። እሺ፣ ትንሽ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 14፣ ማለዳ

የወልድያው አውቶቡስ ሊነሣ ነው። ብልቃጡ ሞላ ጭን ላይ። ሻንጣ ውስጥ እንክተተው ቢል እምቢ አልኩት። እስከ አ.አ. አቅፎት ይሄዳል። እኔ በመስኮት በኩል ነኝ።

ወስኛለሁ። ውጤቱ ሲደርስ እኔ ደጅ እቀመጣለሁ። ዶክተሩ ጋ የሚገባው እሱ ብቻ ነው። የፈራውን ቃል መጀመሪያ እሱ ይስማው። ከዚያ ወጥቶ፣ ዓይኔን እያየ፣ በራሱ አፍ ይነግረኛል።